አራተኛው ስም

በእንግሊዝ ሰሜን፣ ክላፍወርዝ ጣቢያ፣
ሌሊቱን ተለጥፎ አደረ ማስታወቂያ፤
«ኖርዴል» የሚለው ስም ከዛሬ ቀርቷል፣
ባቡሩ «ቬልቫ» ነው፤ ቀለሙም ተቀይሯል።
ከስሩ በደቃቅ ፊደል ተደርድሯል፦
አዲስ ወንበር፣ ዋይፋይ፣ ሊፍትም ይገጠማል፣
የሚዘገይ ባቡር ታሪክ ሆኖ ይቀራል።
«በሦስት ምዕራፍ» ይላል፣ «እንደ ሁኔታው» ይላል።

ኤድና ሆልሮይድ መነጽሯን ወልውላ
አነበበችና፣ ጃንጥላዋን አዘንብላ፣
«ይሄ አራተኛው ነው» አለች፣ «እኔ ሳውቀው።
ባሌን የተዋወቅሁት በቡናማው ዘመን፣
የቀበርኩት ደግሞ በአረንጓዴው ሰሞን፤
መዘግየቱ ግን ያው፤ ቀለም አልያዘውም፣
ሃያ ደቂቃ ነው፤ አልቀነሰ፣ አልጨመረም።»

ስምን መልአክ ያወጣል ሲባል ነበር የማውቀው፤
የዚህን ግን ያወጣው ባለ ቢሮ ድርጅት ነው።
ስድስት ወር ስብሰባ፣ ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ፣
ትርጉም ለሌላት ቃል፣ ቁጥሯም ደግሞ አንድ።

ማክሰኞ አመሻሹን ኩባንያው ጠራን፣
በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ሰበሰበን።
ታምሲን የምትባል፣ ደረቷ ላይ ባጅ፣
ገና ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላት የሰው ልጅ፣
ስላይድ አሳየችን፦ ሰማዩ የጠራ፣
ባቡሩ አዲስ፣ የሁሉም ጥርስ የሚያበራ።
«የጉዞን ትርጉም» አለች «እንደ አዲስ አሰብነው»፤
«እኛስ» አለች ፓርቪን፣ «የምንጓዘው ቆመን ነው»።
ነርስ ናት፤ ከሌሊት ተራ መውጣቷ ነው ገና፣
አንድ ጫማዋን አውልቃ ቆማለች ዘንበል ብላና።
«ሊፍቱስ?» አለ ዴንዚል፣ ከነዊልቸሩ፣
«እኔን ወደ ማዶ ሊያሻግር ባቡሩ
ሀድስሌይ ወስዶኝ ነው መልሶ የሚያመጣኝ፤
ለአስር ሜትር መንገድ ሃያ ማይል የሚያስከፍለኝ።»
«እሱ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው» አለች ታምሲን።
ላሟ ሰማይ ላይ ናት፤ ታች ነን፣ ጮጮ ይዘን።

አልዋሽም፣ አሳዘነችኝ፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤
ስሙን እሷ አላወጣች፤ የሷ ሥራ መናገር።
ሲያልቅ ከኛው ጋራ ፕላትፎርሙ ላይ ቆመች፣
የሃያ ደቂቃውን ብርድ ከኛው ጋር ጠጣች።

ባቡሩ ተቀብቶ መጣ ሰኞ ጠዋት፤
የባሕር ቀለም ነው፤ ዓይን ይማርካል በእውነት።
ውስጡ ግን ያው ወንበር፣ ስፖንጁ የወጣ፣
በመስኮቱ ጎማ ስር ውሃ የሚመጣ፤
ሽንት ቤቱ እንደታሸገ፤ በሩን ማን ነካ?
«ይቅርታ» የሚል ወረቀቱ ብቻ በአዲስ ተተካ።

ኖሪስ ቲኬት ቆራጩ አራት ቆብ አለው፣
እንደየዘመኑ ሚስማር ላይ ሰቅሎ ያኖረው።
«ጭንቅላቴ» ይላል፣ «አንድ ነው፤ ያውም መላጣ፤
ደሞዜም አንድ ነው፤ ቆቡ ነው የሚመጣ የሚወጣ።»
ዝናብ ሲመታው ደግሞ ልጣፉ ይለቅና
«ኖርዴል» ብቅ ይላል፣ አለሁ እንደሚል ገና።

ታዲያ ባለፈው ሐሙስ አንድ ነገር ሆነ።
ሻዬን እንደ ልማዴ ቀስ ብዬ ጠጥቼ፣
ሃያ ደቂቃዬን በልቤ አስልቼ፣
ደረጃውን ሳልጨርስ ጥሩምባው ተሰማ።
በሰዓቱ መጣ።
በሩን ከፈተ፣ ጠበቀ። አንድም ሰው አልገባ፣ አንድም ሰው አልወጣ።
ዘጋ። የተበራ ባዶ ወንበሩን ጭኖ
ዋሻው ውስጥ ገባ፣ የኋላ መብራቱ ቀይ ነጥብ ሆኖ።
መላው ክላፍወርዝ፣ ነርሷ፣ አስተማሪው፣ አናጢው፣
ደረጃው ላይ ቀረን፤ የሱን ማርፈድ አምነን ያረፈድን ነን ሁላችን።
ዴንዚል ብቻ ነበር በሰዓቱ የተገኘው፤
እሱም በማዶው በኩል ነው።

«ስህተት ነው» አለች ኤድና፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣
«አይደገምም» ብላ ጃንጥላዋ ስር ገባ...
ገባች፣ ልል ነው፤ እኔም ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር።

አርብ ዕለት ከቤቴ ቀደም ብዬ ወጣሁ፣
ለማንም ሳልናገር፤ ሰው እንዳያየኝ ፈራሁ።
ኤድና እዚያ ነበረች፤ ማስታወቂያው ፊት ቆማ
እንደ አዲስ ታነባለች። ኮቴዬን ሰምታ
«ወገቤን ብዬ ነው፣ መንቀሳቀስ ታዞልኝ» አለችኝ።
«እኔም» አልኳት።
ዝም ተባባልንና
ሐዲዱን አየን።